ከሰይጣን ጉሮሮ እስከ ሳን ቴልሞ

ባልና ሚስት፣ ሁለት የጀርባ ቦርሳ፣ የብራዚልና የአርጀንቲና ቪዛ፤ ከኢጉዋሱ ፏፏቴ ተነስቶ ቦነስ አይረስ የሚያልቅ መንገድ (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)

ስለ አርጀንቲና ምንም የማያውቅ አዲስ አበቤ ማግኘት ይከብዳል። ማራዶናን ያላየ ስለ ማራዶና ሰምቷል፤ ሜሲን የማይደግፍም በሜሲ ተከራክሯል። ከቦሌ ተነስቶ፣ ሳኦ ፓውሎ ላይ ጥቂት አርፎ፣ ቦነስ አይረስ የሚገባ የራሳችን አውሮፕላን ከ2018 ጀምሮ እንዳለ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የሚያውቁትም ቢሆኑ መስመሩን ከሽርሽር ጋር አያያይዙትም። ሳኦ ፓውሎ ሲባል በብዙ ቤት የሚታወሰው፣ ከዚያ ተነስቶ፣ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየን ጫካ በእግሩ አቋርጦ አሜሪካ ለመግባት የሞከረ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት «ብራዚል ልንሄድ ነው» ሲሉ፣ ቤተ ዘመዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሜክሲኮ በኩል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

እኛ የምንሄደው ፏፏቴ ልናይ ነበር። ይህን ማስረዳት ቪዛ ከማግኘት ከብዶን ነበር። የኛ ሰው መንገድ የሚለካው በኪሎ ነው፤ ሲሄድ በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ፣ ሲመለስ ጫማ፣ ሽቶና የሰው አደራ። አማቴ በየጀርባችን አንዳንድ ቦርሳ ብቻ አንግተን ለስንብት ስንመጣ ትክ ብለው አዩንና «ምነው ልጆቼ፣ ምን ጎደለባችሁ?» አሉ። ለእሳቸው ጓዙን ጀርባው ላይ የጫነ ሰው ወይ ዘማች ነው ወይ ተፈናቃይ። ሥራና ቤት እያለው በሌሊት አውቶቡስ ላይ የሚያድር፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ተደራራቢ አልጋ የሚጋራ፣ የሆስቴል ወጥ ቤት ገብቶ ፓስታውን ራሱ የሚቀቅል መንገደኛ አይገባቸውም።

የአውሮፓ፣ የአውስትራሊያና የእስራኤል ወጣቶች ግን ይህን አካሄድ ከትምህርት ወይም ከውትድርና መልስ የሚያልፉበት ወግ አድርገውታል። ብዙዎቹ ብቻቸውን ወይም ከጓደኛ ጋር ይወጣሉ። ባልና ሚስት ሲሆኑ ነገሩ ይለያል፤ ብቸኛው መንገደኛ ቤቱን ትቶ ይሄዳል፣ ጥንዶች ግን ቤታቸውን ይዘውት ነው የሚዞሩት። ኩርፊያው፣ ሒሳቡ፣ «መብራቱን አጥፊው» የሚለው ክርክር ሁሉ አብሮ ይጫናል። ባለቤቴ የውኃ ሰው ነው፤ ወንዝ ካየ ድልድይ ላይ ቆሞ ይቀራል። እኔ የከተማ ሰው ነኝ። ስለዚህ ተስማማን፤ ፏፏቴው የእሱ፣ ቦነስ አይረስ የእኔ፤ በሌላው ክልል ገብቶ ያጉረመረመ ካልሲ ያጥባል።

ፊቱ ብራዚል፣ ጉያው አርጀንቲና

ከሳኦ ፓውሎ በሌሊት አውቶቡስ የሚደረስባት ፎዝ ዶ ኢጉዋሱ የሦስት አገር ጠረፍ ላይ የተቀመጠች የብራዚል ከተማ ናት። በአንዱ ወንዝ ማዶ የአርጀንቲናዋ ፑዌርቶ ኢጉዋሱ አለች፤ በሌላው ማዶ የፓራጓይዋ ሲዩዳድ ዴል ኤስቴ። የኋለኛዋ ብራዚላውያን ድልድዩን በእግር እየተሻገሩ ስልክና ቴሌቪዥን የሚሸምቱባት ገበያ ነች። መርካቶን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ የሚሆንበት ነገር ስለሌለ አልተሻገርንም።

ኢጉዋሱ አንድ ፏፏቴ አይደለም። ወንዙ ሦስት ኪሎ ሜትር በሚጠጋ የገደል ጠርዝ ላይ ይበተናል፤ በደሴትና በቋጥኝ ተከፋፍሎ 275 በሚጠጉ ቦታዎች ይወርዳል። ቁጥሩ እንደ ውኃው መጠን ከፍም ዝቅም ይላል፤ ዝናብ ሲበዛ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፣ ሲያንስ አንዱ ሦስት ቦታ ይከፈላል። አብዛኛው ውኃ የሚወርደው በአርጀንቲና በኩል ነው። ለብራዚል የደረሳት ፊት ለፊት ቆሞ ማየቱ ነው።

ስለዚህ በየሆስቴሉ የማያልቅ ክርክር አለ፤ ከየት ይጀመር? ብራዚላውያን «መጀመሪያ ከእኛ ዘንድ ሁሉንም በአንድ ዓይን እዩ» ይላሉ። አርጀንቲናውያን ደግሞ «ከሩቅ ማየት ምን ይረባል፣ ውስጡ ግቡ» ባይ ናቸው። እኔ ከብራዚል መጀመሩን እደግፋለሁ። የጫካው መንገድ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በየመታጠፊያው ፏፏቴው ትንሽ ትንሽ እየተገለጠ ይመጣል። መጨረሻው ላይ ወደ ገደሉ እምብርት የሚዘልቅ የብረት መተላለፊያ አለ። እዚያ ሲደርሱ መርጠብ ግዴታ ነው። የዝናብ ላስቲክ የሚሸጡት ነጋዴዎች ይህን በሚገባ ያውቃሉ፤ ለብሰን ገባን፣ ስንወጣ ከላስቲኩ ውስጥ ያለነው እኛ ከላስቲኩ በላይ በስብሰን ነበር።

በዚሁ ወገን የአንድ አጭር ሰውዬ ሐውልት ቆሟል፤ ባርኔጣውን የደፋው አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን ነው። ብራዚላውያን የአውሮፕላን አባት የሚሉት ይኸው ሰው በ1916 ፏፏቴውን ሊያይ መጣና መሬቱ የአንድ ግለሰብ ንብረት መሆኑን ሰማ። ነገሩ አላስችል ብሎት ወደ ፓራና ግዛት አስተዳዳሪ ሄዶ፣ ቦታው የሕዝብ ይሁን ብሎ ተሟገተ፤ መሬቱም ለመንግሥት ሆነ። ብሔራዊ ፓርኩ የተቋቋመው በ1939 ነው። አርጀንቲና የራሷን በ1934 ከልላ ነበር።

ከሐውልቱ አለፍ ሲሉ ሌላ ባለቤት ይጠብቃል። ኮአቲ ይባላል፤ አፍንጫው ረጅም፣ ጭራው ባለ ቀለበት፣ ቁመቱ የድመት ያህል የሆነ አውሬ ነው። በመንጋ ሆኖ በጠረጴዛዎች መካከል ይንሸራሸራል። ሳንድዊች የያዘ ሰው ካየ አይለምንም፤ ይቀማል። ፓርኩ ማስጠንቀቂያውን በቃል ብቻ አልተወውም። ተነክሶ የተተለተለ የሰው እጅ ፎቶግራፍ በየሰሌዳው ተለጥፏል። ሆኖም አንዲት እናት ልጇን ከኮአቲው አጠገብ አቁማ ፎቶ ልታነሳ ስትሞክር፣ እንስሳው በካሜራው ሳይሆን በልጁ ብስኩት ላይ አተኩሮ ነበር። ብስኩቱ ሄደ፤ ልጁ ተረፈ።

ከብራዚል ወደ አርጀንቲና የሚያሻግረው የታንክሬዶ ኔቬስ ድልድይ ግማሹ አረንጓዴና ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊና ነጭ የተቀባ ነው። የጠረፍ ነዋሪዎቹ ብዙም ሳይቆሙ ስለሚያልፉ የከተማው አውቶቡስ ፓስፖርት የሚያስመታውን የውጭ ሰው ቆሞ ላይጠብቅ ይችላል። ቲኬቱን ይዞ የሚቀጥለውን መጠበቅ ነው። አርጀንቲናዊው መኮንን ፓስፖርታችንን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጠው። ከዚያ ቀና ብሎ በሁለት ጣቱ ጠረጴዛው ላይ የሚሮጥ ሰው አሳየንና ማህተሙን መታው።

ውኃው እግር ሥር

ወንዙ የሚነሳው ከአትላንቲክ ብዙም ሳይርቅ፣ ኩሪቲባ ከተማ አጠገብ ነው። ባሕሩ ደጁ ላይ እያለ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ምዕራብ ይጓዛል። 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ ፓራና ወንዝ ሊገባ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው መሬቱ ከሥሩ ይከዳዋል። ድንጋዩ ከ130 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ፣ አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ ሊላቀቁ ሲሉ ምድር ተሰንጥቃ ያፈሰሰችው እሳተ ገሞራ ነው፤ ተደራርቦ ረጋ፣ ጥቁር ባዛልት ሆነ። የዚያው ፍሳሽ ቁራጭ በዚህኛው ማዶ ናሚቢያ ውስጥ ቀርቷል። የኛ ደጋም በዚሁ ዓይነት ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነው፤ በዕድሜ ግን እጅግ ታናሽ፣ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ወንዙ የድንጋዩን እርከን ከሥር እየሸረሸረ፣ የላዩን እየናደ፣ ፏፏቴውን ከፓራና ዳር ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ገፍቶ አሁን ካለበት አድርሶታል። እየገፋም ነው።

በአርጀንቲና በኩል በጋዝ የሚሄድ ትንሽ ባቡር መንገደኛውን ጫካ ለጫካ ወስዶ መጨረሻው ጣቢያ ያወርደዋል። ከዚያ አንድ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ የብረት መተላለፊያ፣ በሰፊው ወንዝ ላይ። ይህ መንገድ ያስገርማል፤ ውኃው ዝም ያለ ነው። ጥልቀት የለውም፣ አይቸኩልም፣ ዔሊዎች እንጨት ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቢራቢሮዎች ላብ ፍለጋ እጅ ላይ ያርፋሉ። ከጎን፣ ቀደም ሲል ጎርፍ የወሰዳቸው የድሮ መተላለፊያዎች ቋሚዎች ውኃ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። በኦክቶበር 2023 ጎርፍ ሲመጣ፣ በተለመደው ጊዜ በሰከንድ 1.5 ሚሊዮን ሊትር ገደማ የሚያወርደው ወንዝ ከ24 ሚሊዮን በላይ አውርዶ መተላለፊያውን አዘግቶ ነበር።

ከዚያ መተላለፊያው ያልቅና የሰይጣን ጉሮሮ ይጀምራል። ወንዙ በሦስት ጎን ወደ አንድ ጉድጓድ ይገለበጣል፤ 80 ሜትር ገደማ። ታችኛው አይታይም። ከሥር የሚነሳው ጉም ወደ ላይ ይዘንባል፤ ካፖርት ከታች ወደ ላይ የሚያረጥብ ዝናብ ሌላ ቦታ አላየሁም። ድምፁ ጆሮ ላይ ሳይሆን ደረት ላይ ነው የሚሰማው። ሰው ሁሉ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ይጮኻል፣ ማንም ማንንም አይሰማም። ልብ ብሎ ላየ፣ ጥቋቁር ትንንሽ ወፎች ከጉሙ ውስጥ ተወርውረው ወጥተው፣ ዞረው፣ የሚወርደውን ውኃ ሰንጥቀው ይገባሉ። ጎጇቸው ከውኃው በስተጀርባ ያለው ድንጋይ ላይ ነው። ጭልፊት የማይደርስበት ቦታ መርጠዋል።

> «ካፖርት ከታች ወደ ላይ የሚያረጥብ ዝናብ ሌላ ቦታ አላየሁም።»

ከአውሮፓውያን ስለ ቦታው የጻፈው የመጀመሪያው ሰው አልቫር ኑኔስ ካቤሳ ዴ ቫካ ነው። በ1541 ወደ አሱንሲዮን በጀመረው ጉዞ ደረሰበት። አልተደነቀም ማለት ይቀላል፤ ታንኳዎቹን ከወንዝ አውጥቶ በመሬት ማዞር ነበረበትና ለእሱ ፏፏቴው እንቅፋት ነበር። የአገሩ ባለቤቶች ጉዋራኒዎች ግን ታሪክ አላቸው። በወንዙ የሚኖረው ዘንዶ ናይፒ የተባለች ልጃገረድ ትሰጠኝ አለ፤ ታሮባ የተባለው ጎበዝ በታንኳ ይዟት ኮበለለ። ዘንዶው ተቆጥቶ ወንዙን ሰነጠቀው። ናይፒ በፏፏቴው ሥር ድንጋይ ሆነች፣ ታሮባ ከዳር ቆሞ የሚያያት ዘንባባ ሆነ። አስጎብኚዎች ይህን ለጥንዶች ሲነግሩ ደስ ይላቸዋል። ባለቤቴ ሰምቶ ሲያበቃ «ቲኬት በየስማችን ባይሆን ኖሮ እኛም ሳንቀር አንቀርም ነበር» አለ። ከመውጫው አጠገብ የምብያ ጉዋራኒ እናቶች ከእንጨት የተጠረቡ ጃጓሮችና ወፎች መሬት ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ፤ የዚህ ሁሉ ታሪክ ባለርስቶች ሆነው ሳለ ከቱሪዝሙ የደረሳቸው ይኸው ንጣፍ ነው።

የሰጠመው ፏፏቴ

የፑዌርቶ ኢጉዋሱ ሆስቴል ጓሮ፣ ማታ። ካልሲና ጫማ በየገመዱ ተሰቅሏል። ከአንድ ጥግ «ይቅርታ፣ አማርኛ ነው እንዴ የምታወሩት?» የሚል ድምፅ መጣ። ከውትድርና ከወጣች ወራት ያለፋት የቤተ እስራኤል ልጅ ናት፤ እስራኤል ተወልዳ ያደገች፤ አማርኛዋን የተማረችው ከአያቷ። ከእስራኤል ወጣቶች ብዙዎቹ ወታደርነት ሲጨርሱ ወደ ደቡብ አሜሪካ ይመጣሉ፣ ከኛ ወገን የሆኑትም እንዲሁ። ቃል ሲያጥራት በእጇ እየሞላች፣ ስለ ፏፏቴው ጥቂት ካወራች በኋላ «አያቴ ጢስ ዓባይ ከሁሉም ይበልጣል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችን።

ተያየን። አያቷ የሚያስታውሱት ጢስ ዓባይ እውነት ነው። ክረምት ሲሞላ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ፣ ዛሬም ስሙን ያስከብራል። ነገር ግን በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሲሠራ ከወንዙ የተቆረሰው ውኃ ፏፏቴውን በበጋ አጎደለው። በተሳሳተ ወር የሄደ ጎብኚ በሰፊው ገደል አንድ ጥግ ላይ የሚወርድ ቀጭን ውኃ አይቶ ይመለሳል።

ኢጉዋሱ ደግሞ ታላቅ ወንድም ነበረው። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ በፓራና ወንዝ ላይ፣ በብራዚልና በፓራጓይ ጠረፍ፣ ሰባቱ ፏፏቴዎች ወይም ጉዋይራ የሚባለው ይወርድ ነበር። በውኃው ብዛት ከዓለም ፊተኞች ይቆጠር ነበር። ሁለቱ አገሮች በ1973 ተዋውለው የኢታይፑን ግድብ ሠሩ። ሊሰጥም መሆኑን የሰማ ሕዝብ ለስንብት ጎረፈ፤ በጃንዋሪ 1982 ሰው የበዛበት ተንጠልጣይ ድልድይ ተበጥሶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኦክቶበር የግድቡ በሮች ተዘጉ፤ ሐይቁ በሁለት ሳምንት ገደማ ሞላና ፏፏቴው ከነድምፁ ከሥሩ ቀረ። ታላቁ የብራዚል ገጣሚ ካርሎስ ድሩሞንድ ዴ አንድራዴ የስንብት ግጥም ጽፎለታል። ኢታይፑ ዛሬ 14,000 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የፓራጓይ ቤቶች መብራት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው።

እኛ የህዳሴ ግድብ ቦንድ የገዛን ሰዎች ነን፤ ግድብ ላይ ጣት መቀሰር አያምርብንም። መብራት የሌለው ሰው ፏፏቴ እየተመለከተ አያመሽም። ግን ኢጉዋሱንና ጉዋይራን ጎን ለጎን ያነጻጸረ ሰው አንድ ነገር መካድ አይችልም፤ ኢጉዋሱ ዛሬ የሚታየው ስለሚያምር ብቻ አይደለም። ጉዋይራም ያምር ነበር። ኢጉዋሱ የተረፈው በ1901 ቪክቶሪያ አጊሬ የተባሉ የቦነስ አይረስ ባለጸጋ ሴት ከኪሳቸው አውጥተው መንገድ ስላስጠረጉለት፣ ሳንቶስ ዱሞን ስለተሟገተለት፣ ሁለት መንግሥታት ዙሪያውን ስለከለሉት ነው። ከላይ በኩል እሱም ግድቦች ተሰልፈውበታል። ልጅቷ ይህን ሁሉ ሰምታ «ለአያቴ ምን ልበላቸው?» አለች። ባለቤቴ «በነሐሴ ይበልጣል በያቸው» አላት።

ቀይ አፈር፣ መራራ ሻይ

ከፑዌርቶ ኢጉዋሱ ቦነስ አይረስ በአውቶቡስ 18 ሰዓት ያህል ነው። የአርጀንቲና የረጅም መንገድ አውቶቡስ ግን ፎቅ ያለው፣ ወንበሩ እስከ አልጋ የሚዘረጋ፣ እራት የሚቀርብበት ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ የመጣ መንገደኛ የአንድ ሌሊት የአልጋ ዋጋም ያተርፋል። በመስኮት የሚታየው የሚሲዮኔስ አፈር የደም ያህል ቀይ ነው፤ በላዩ ላይ ዝቅ ያለ አረንጓዴ ማሳ ተደርድሯል። ማቴ ነው፤ አርጀንቲና ያለእሱ ከአልጋ የማትነሳበት ቅጠል። ጉዋራኒዎች ይጠጡት ነበር፤ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ደግሞ ዘሩን እያፈሉ በማሳ ተከሉት።

ከኛ ወንበር ማዶ የተቀመጡ ባልና ሚስት ጡረተኞች ቴርሞሳቸውን በክንዳቸው አቅፈው፣ በአንዲት ቅል ላይ እየቀዱ፣ በአንድ የብረት መምጠጫ እየተቀባበሉ ይጠጡ ነበር። ቀጂው አንድ ነው፤ ለሁሉም በየተራው የሚሰጠው እሱ ነው፤ ቅጠሉ እስኪገረጣ ደጋግሞ ይቀዳል። አቦል፣ ቶናና በረካ ለሚያውቅ ሰው ሥርዓቱ ለመረዳት አያስቸግርም። አንድ ነገር ብቻ ይለያል፤ ቅሉን ሲመልሱ «ግራሲያስ» ካሉ ጠግቤአለሁ ማለት ስለሆነ ሁለተኛ አይደርስዎትም። ሴትየዋ ለእኛም አቀበሉን። መራራ ነው፣ ጭስ ጭስ ይላል። ባለቤቴ ወዲያው አመሰገነ።

ካምቢዮ፣ ካምቢዮ

ከዚህ በኋላ ክልሉ የእኔ ነው። ኅዳር ላይ ቦነስ አይረስ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ሐምራዊ ቀለም ነው፤ ጃካራንዳ በየጎዳናው አብቧል፣ አስፋልቱ ላይ ረግፏል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚያብበው ያው ዛፍ ነው፤ ትውልዱ ግን ከዚህ ወዲያ፣ ከሰሜን አርጀንቲናና አካባቢው ነው። ለቦነስ አይረስ ያከፋፈላት ካርሎስ ታይስ የተባለ ከፈረንሳይ የመጣ የመናፈሻ ሊቅ ነው፤ ከ1891 ጀምሮ የከተማዋን መናፈሻዎች ሲመራ ዛፎቹን ከሰሜን እያስመጣ ተከለ። ይኸው ሰው ነው በ1902 እና በ1911 ኢጉዋሱ ድረስ ሄዶ ለብሔራዊ ፓርኩ ዕቅድ ያወጣው። ይህን ስነግረው ባለቤቴ «እንግዲያው ከተማውም የእኔ ነው» አለ። ይግባኙ ውድቅ ተደረገ።

በፍሎሪዳ መንገድ ላይ የቆሙ ሰዎች ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ «ካምቢዮ፣ ካምቢዮ» ይላሉ። ቃሉ ባይገባንም ዜማው አልጠፋንም፤ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለፈ ሰው ይህን ሹክሹክታ ያውቀዋል። አርጀንቲናውያን ባንክ ማመን ያቆሙት በ2001 መጨረሻ ባንኮች ተቀማጫቸውን ሲቆልፉባቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ያላቸውን ዶላር ፍራሽ ሥር ያኖራሉ፤ በ2023 የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ200 በመቶ ሲያልፍ የዕለቱ የጎዳና ምንዛሪ የቤተሰብ ጨዋታ ነበር። መንግሥት በአፕሪል 2025 ለግለሰቦች የምንዛሪ ቁጥጥሩን ሲያላላ የባንክና የጎዳና ዋጋ ልዩነት ጠበበ፤ የኛ ብር በጁላይ 2024 ለገበያ እንደተለቀቀው ማለት ነው። አንድ ልማድ ግን አልለቀቃቸውም፤ የመቶ ዶላር ኖት ሲቀበሉ ያጨሱታል የሚባል ያህል ያሸቱታል፣ ወደ ብርሃን ያነሱታል፣ ትልቅ ፊት የታተመበትን አዲሱን ዓይነት ይፈልጋሉ፤ የታጠፈና ቀለም የነካው ዋጋው ይወርዳል። ባለቤቴ «አገራችን ነው የመጣነው» አለ።

ኖቱ ላይ ያለችው ሴት

በለወጥነው ገንዘብ ውስጥ አዲሱ አሥር ሺህ ፔሶ ነበረበት፣ በ2024 የወጣው። ከጄኔራል ማኑኤል ቤልግራኖ ጎን አንዲት ጥቁር ሴት አለች። ማሪያ ሬሜዲዮስ ዴል ቫሌ ናት፤ በነጻነቱ ጦርነት ከቤልግራኖ ሠራዊት ጋር ዘምታለች፣ ወታደሮቹ የአገር እናት ይሏት ነበር። በኋላ በቦነስ አይረስ ጎዳናዎች ስትለምን ተገኘች፤ የሕዝብ ወኪሎቹ በ1828 ጉዳይዋን አንስተው ተከራከሩ። የሞተችበት ኖቬምበር 8 ዛሬ በሕግ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው አርጀንቲናውያን ቀን ነው።

አርጀንቲናውያን «እዚህ ጥቁር የለም» ይላሉ፤ አብዛኛው በክፋት አይደለም፣ እንዲህ ብለው ነው የተማሩት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን ከከተማዋ ነዋሪ ሲሶ ያህሉ አፍሪካዊ ወይም የአፍሪካ ዝርያ ነበር። ጦርነት ወሰደው፣ በ1871 ቢጫ ወባ ወሰደው፣ ከአውሮፓ በመርከብ የፈሰሰው ሕዝብ ዋጠው፣ የተረፈውን ቆጣሪው መዝገብ ላይ ቀለሙን ቀየረለት። ታንጎ ግን ዱካውን ይዞ ቀርቷል፤ ከሥሩ የካንዶምቤ ከበሮ አለበት። እሑድ ሳን ቴልሞ የአሮጌ ዕቃ ገበያው ሊበተን ሲል፣ የሶዳ ጠርሙሶችና የአያት ሹካዎች ሲሰበሰቡ፣ ከበሮ ታቅፈው የሚመጡ ወጣቶች የዴፌንሳን መንገድ ይይዙታል። የእኛን ፊት ያዩ ሁለት ሦስቱ ከየት ናችሁ ሳይሉ ከበሮውን አቀበሉን። ላ ቦካ የሚባለው ባለ ቀለም ሰፈር በፖስትካርድ ላይ ከሚታየው የተለየ ነገር የለውም፤ ጊዜ የቸገረው እሑዱን ሳን ቴልሞ ላይ ያጥፋው።

> «አርጀንቲናውያን ‹እዚህ ጥቁር የለም› ይላሉ፤ እንዲህ ብለው ነው የተማሩት።»

እራት በአራት ሰዓት

ይህች ከተማ እራት የምትበላው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ምግብ ቤት የሚገኘው ወይ ቱሪስት ነው ወይ ታማሚ። ኮሪየንቴስ ጎዳና ላይ ቴአትር ቤቶች ሲለቁ ሕዝቡ መጽሐፍ ቤት ይገባል፤ እኩለ ሌሊት ሊሞላ ሲል አሮጌ መጽሐፍ የሚያገላብጡ ሽማግሌዎች አሉ። ዋጋ በየሳምንቱ የሚዘልበት ሰው እንዴት ያመሻል ብለን አንድ አስተናጋጅ ጠየቅን። «ነገ ከሚወደድ ዛሬ እንብላው እንላለን» አሉን።

እኛን ያስጨነቀን ሌላ ነበር። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ገባ፤ ያለነው ደግሞ ሥጋ በየማዕዘኑ በፍም ላይ በሚጠበስበት አገር ነው። የሥጋ ቤት ሠራተኛ «አትክልት አለኝ» ብሎ ዶሮ አቅርቦልናል። ያዳነን የጣሊያን ስደተኞች ያመጡት ፋይና ነው፤ የሽንብራ ዱቄት፣ ውኃ፣ ዘይትና ጨው፣ በትልቅ ብረት ምጣድ ተጋግሮ የሚቆረስ። አርጀንቲናውያን ፒሳ ላይ ደርበው ይበሉታል። ከ1932 ጀምሮ ባለው ጉዌሪን ፒሳ ቤት፣ ቆመው ከሚበሉት ሰዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆነን፣ ያለ ፒሳ ፋይና ብቻ ስናዝ አሻሻጩ በኀዘኔታ አየንና አንድ ጨመረልን።

ተራርቆ መቀመጥ

ለቱሪስት የሚቀርበው የታንጎ ትርዒት እራት፣ መብራትና የሚወረወር እግር አለው፤ ዋጋውም እንደዚያው። ሚሎንጋ ሌላ ነው። የሰፈር አዳራሽ ነው፤ የመግቢያው ዋጋ ቀላል፣ ወለሉ እንጨት፣ ዳንሰኛው ከጥርስ ሐኪም እስከ ታክሲ ነጂ። ዩኔስኮ በ2009 ታንጎን የአርጀንቲናና የኡራጓይ ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ የመዘገበው ትርዒቱን ሳይሆን ይህን ነው ብዬ አምናለሁ። ማንም ማንንም እጁን ይዞ አያስነሳም። ወንዱ ከሩቅ ያያል፤ ሴቷ ብትፈልግ ዓይኗን ታቆማለች፣ ባትፈልግ ወደ ሌላ ታዞራለች። ራስ ይነቀነቃል፣ ተጠናቀቀ። እምቢታው አይሰማም፣ አያሳፍርም። አብረው የተቀመጡ ጥንዶችን ግን ማንም አያይም፤ የእሱ ናት ተብሎ ይታለፋል። መደነስ የፈለጉ ባልና ሚስት በር ላይ ይለያያሉ።

ተለያየን። እሱ ከመጠጥ መደርደሪያው ጋር ከቆሙት ወንዶች ዘንድ፣ እኔ በሴቶቹ ረድፍ በሁለት አሮጊቶች መካከል። በቀኜ ያሉት «ወለሉን አትዪ፣ ወለል ማንንም አያስነሳም» ብለው በምልክት ገሠጹኝ። ቀና አልኩ። ጫማቸውን መስተዋት ያስመሰሉ ሽማግሌ ከማዶ ራሳቸውን ነቀነቁ። እስኪደርሱ ከወንበር መነሳት ነውር ነው፤ ጠበቅኩ። ክቡ ወደ ግራ ይዞራል፤ መቅደም የለም፣ መገፋፋት የለም። ሁለት እርምጃ ሳንሄድ ሽማግሌው ቆሙና ሁለት ጣታቸውን ቀስ ብለው ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ጎንደሬ እናት ያሳደገችኝ ነኝ፤ ሙዚቃ ሲሰማ ትከሻዬ ፈቃድ አይጠይቅም። ታንጎ ደግሞ የሚፈልገው ትከሻ ዝም እንዲል፣ እግር ብቻ እንዲያወራ ነው። «ፓሴዮ» አሉኝ በለሆሳስ፤ ሽርሽር ነው፣ ተራመጂ ብቻ።

የዙሩ አራት ዘፈን አልቆ የመለያ ሙዚቃው ሲገባ ሁሉም ወደ ቦታው ተበተነ። ወደ መደርደሪያው ባይ ባለቤቴ የለም። መሃል ወለል ላይ ነው፤ በእናቱ ዕድሜ ያሉ፣ ቀይ ማራገቢያ የያዙ ሴትዮ ክንዱን ይዘው፣ ወለሉ ባዶ ሆኖ እያለ እርምጃ ያስቆጥሩታል። በስፓኒሽ እስከ ስምንት ይቆጥራሉ፤ እሱ በአማርኛ ይከተላል፣ አምስት ላይ ሲደርስ እግሩ ይጠፋበታል። አዲሱ ዙር ሲጀመር ሴትዮዋ አልለቀቁትም።